ለመክፈቻ ታይትል ስንት ሰከንድ፣ ስንት ካርድ፣ የትኛው ፎንት?

ኤዲት_ጠረጴዛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፊልሙ 96 ደቂቃ ነው። ሽሮ ሜዳ የሚኖር የሸማኔ ቤተሰብ፤ አባት ይሞታል፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በቤቱና በሥራው ይጣላሉ። ቀረጻው አልቋል፣ ኤዲቱ ተቆልፏል፣ የቀረው መክፈቻው ብቻ ነው። 22 ስም አለ፤ በ14 ካርድ (በአንዴ ስክሪን ላይ የሚወጣ ጽሑፍ) ከፋፍለነዋል። ፕሮዲውሰሩ «3 ደቂቃ ይሁን፣ ከእንጦጦ በኩል በድሮን የተነሳ የከተማ ምስል፣ ላዩ ላይ ዘፈን» ይላል። ዳይሬክተሯ ደግሞ «ጥቁር ላይ ርዕሱን ጻፉና እንግባ» ነው የምትለው። ፊልሙ ለሲኒማም ለዩቲዩብም ይወጣል። ጥሩ መክፈቻ ታይትል የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው? «ስሜት ይኑረው» አትበሉኝ፤ በቁጥርና በምሳሌ ንገሩኝ።

የማታ_ሞንታዥ፦

ከድሮኑ ልጀምር። 180 ሰከንድ ለ14 ሲካፈል ለአንድ ካርድ 13 ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል። ስም በሁለት ሰከንድ ተኩል ይነበባል። በቀረው አሥር ሰከንድ ሰዉ ስልኩን ያወጣል። ደግሞም ያ ምስል ስለ ከተማዋ ይናገር ይሆናል እንጂ ስለነዚህ ወንድማማቾች ምንም አይልም። ከዚህ ፊልም አንስተህ ሌላ አሥር ፊልም ላይ ብትለጥፈው ይሄዳል። እኔ መክፈቻን የምፈትነው በዚህ ነው፤ ሌላ ፊልም ላይ ከሄደ ለዚህኛው አልተሠራም።

የመክፈቻ ታይትል ዋና ሥራ ስም መጥራት ቢሆን ኖሮ ዳይሬክተሯ ያለችው ይበቃ ነበር። ሥራው ግን ዓይንንና ጆሮን ለሚመጣው ፊልም ማለማመድ ነው። ይህን በግልጽ ያሳየው ዲዛይነሩ ሶል ባስ ነው፣ በ1955 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለኦቶ ፕሪሚንገር «ዘ ማን ዊዝ ዘ ጎልደን አርም»። እስከዚያ ድረስ ስም ዝርዝሩ በተዘጋ መጋረጃ ላይ ሲያልፍ ሰው ፈንዲሻውን ይገዛ ነበር። የዚህ ፊልም ቆርቆሮ ሲላክ ግን ታይትሉ ከመጀመሩ በፊት መጋረጃው እንዲከፈት የሚል ማሳሰቢያ በሲኒማ ቤቱ ፊልሙን ለሚያሳዩት የማሽን ሠራተኞች አብሮ ሄዷል። በስክሪኑ ላይ ያለው እንግዲህ ነጭ ጭረት በጥቁር ላይ ነው፣ ሌላ የለም። ጭረቶቹ ይገባሉ፣ ይጋጫሉ፣ ሲጨርሱ የተጣመመ ክንድ ይሆናሉ። ፊልሙ የዕፅ ሱሰኛ ታሪክ ነው። ገና አንድ ተዋናይ ሳይታይ ተመልካቹ ያ ክንድ ችግር እንዳለበት ገብቶታል።

ለአንተ የሚቀርበው ግን የ1959ኙ «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» ነው። አረንጓዴ መደብ ላይ መስመሮች ከየአቅጣጫው ይሳባሉ፣ ይተላለፋሉ፣ መረብ ይሆናሉ። ስሞቹ በመስመሮቹ ላይ እንደ አሳንሰር ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከዚያ መረቡ ሳይታወቅ የማንሃተን የመስታወት ሕንፃ ፊት ሆኖ ይገኛል፤ መኪኖቹ በመስታወቱ ውስጥ ሲያልፉ ይታያሉ። ሥዕል የነበረው ቦታ ሆነ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ራሱ አውቶቡስ ያመልጠዋል፣ ታሪኩ ይጀምራል። ከታይትል ወደ ፊልም የተሻገርክበት ቦታ የት እንደሆነ አትይዘውም።

አንተ ደግሞ መስመሩ በእጅህ ነው፤ ድርና ማግ። ሕንፃ መፈለግ አያስፈልግህም።

ቀጥታ_ግባ፦

ዳይሬክተሯ ትክክል ናት። ኔትፍሊክስ በ2017 መክፈቻ መዝለያ ቁልፍ ያስገባው ሰው ስለሰለቸው ነው። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ጣት ሁለቴ ነክቶ 10 ሰከንድ ይዘላል። ርዕስ፣ 4 ሰከንድ፣ ግባ። ስሙ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ሉካስም በ1977 ስታር ዋርስን ያለ ስም ነው የከፈተው፣ ማንም አልጎደለበትም።

የማታ_ሞንታዥ፦

@ቀጥታ_ግባ፣ ያ ቁልፍ የተሠራው በተለይ ለተከታታይ ድራማ ነው፤ ያው መክፈቻ በየክፍሉ ሲደጋገም ማን ይታገሣል። ፊልም ላይ ግን አንዴ ነው የሚታየው። ሉካስንም ካነሳህ ሙሉውን አንሳው። በ1980 ሁለተኛው ፊልም ላይ የዳይሬክተሩን ስም መጨረሻ ላይ በማድረጉ የአሜሪካ የዳይሬክተሮች ማኅበር ቅጣት ጣለበት፤ ከፍሎ ከማኅበሩ ወጣ። ስለዚህ «ስሙን ወደ መጨረሻ» ከማለትህ በፊት የተዋናዮቹንና የፕሮዲውሰሩን ውል አንብብ። «በመክፈቻው ላይ፣ ለብቻው ካርድ» የሚል መስመር ያለው ውል ካለ ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ መጀመሪያ ትዕይንት፣ ከዚያ ታይትል። በ1995ቱ «ሰቨን» መርማሪውን እናያለን፣ ወንጀል የተፈጸመበት ቤት እንገባለን፣ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ የሜትሮኖሙን (የሙዚቃ ምት መቁጠሪያውን) ምት ያዳምጣል። ታይትሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የካይል ኩፐር ሥራ ነው። ጣት፣ ምላጭ፣ ክር፣ በጥቃቅን ጽሑፍ የተሞላ ደብተር፤ ስሞቹም በእጅ ተቧጭረው የተጻፉ፣ የሚንቀጠቀጡ። ይህ ሁሉ የገዳዩ እጅ ነው። ገዳዩ ግን እሱ መሆኑ ታውቆ በመልኩ የሚታየው ፊልሙ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ነው። ታይትሉን አውጣውና ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠላት የሌለው ይሆናል። እዚያ ላይ ታይትሉ ትዕይንት ተክቷል፤ ጊዜ አልበላም።

ተቃራኒውን ለማየት የኦርሰን ዌልስን «ተች ኦፍ ኢቭል» (1958) ተመልከት። መኪና ላይ ቦምብ ይጠመዳል፤ ካሜራው ሳይቆረጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ መኪናውን ይከተላል። ስቱዲዮው በዚህ ሾት ላይ ስም ደረደረበት። ዓይን ፊደል ሲያይ ማንበቡን አይተውም፤ መኪናው የት ደረሰ የሚለው ጭንቀት ስም በመጣ ቁጥር ይቋረጣል። በ1998 ኤዲተሩ ዋልተር መርች፣ ዌልስ ትቶት በሄደው ማስታወሻ መሠረት እንደገና ሲያስተካክለው ስሞቹ ተነሱ። እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፤ ተመልካቹ ሊከታተለው የሚገባ ነገር ባለበት ሾት ላይ ስም አይቀመጥም።

ፍሬም_24፦

ቁጥር ለጠየቅከው። በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል) ከሆነ፦

አንድ ስም ያለበት ካርድ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ 60 ፍሬም ይቆይ። ሁለት ስም ከሆነ 84። ፌዱ (ጽሑፉ ቀስ ብሎ የሚገባበትና የሚወጣበት) ከዚህ ውጭ ነው፤ ግማሽ የታየ ጽሑፍ እንደተነበበ አይቆጠርም። ፌድ መግቢያ 10፣ መውጫ 10፣ በካርዶች መካከል ባዶ 16። ድምሩ 96 ፍሬም፣ ማለትም 4 ሰከንድ። በ14 ካርድ ሲባዛ 56 ሰከንድ። ለርዕሱ 8 ሰከንድ ጨምር፤ 64 ሰከንድ። ባለ ሁለት ስሞቹ ካርዶች የሚጨምሩት ተደምሮ 72 ወይም 73 ቢደርስ አትጨነቅ። ከ90 ካለፈ ግን ምስሉ አዲስ ነገር እያመጣ መሆኑን ጠይቅ።

ለንባብ ቀላሉ መለኪያ፦ ስሙን ድምፅህን አውጥተህ፣ ሳትቸኩል፣ ሁለት ጊዜ አንብበው። አንተ ስሞቹን ስለምታውቃቸው በዓይንህ ብቻ ከለካህ ሁልጊዜ ታሳጥረዋለህ።

ባዶውን 16 ፍሬም አትዝለለው። ስም በስም ላይ ሲደረብ ዓይን እረፍት አያገኝም፣ ምስሉንም ጨርሶ አያየውም። ብዙ መክፈቻ የሚበላሸው እዚህ ነው። ምስሉ ሊታይ የሚችለው ጽሑፍ በሌለበት ቅጽበት ብቻ ነው።

ሌላው፣ ታይትሉን የሚሠራልህ ሰው ፕሮጀክቱን በ25 ፍሬም ከፍቶት እንዳይሆን ከወዲሁ አረጋግጥ። በ24 የተለካ 60 ሰከንድ በ25 ሲጫወት 57.6 ይሆናል። ሙዚቃው ላይ ያስቀመጥከው ምት ሁሉ ይንሸራተታል፣ ምክንያቱንም ስትፈልግ ትውላለህ።

ካዕብና_ሣልስ፦

እስካሁን የተጠቀሱት በሙሉ በላቲን ፊደል የተሠሩ ናቸው። ሐሳባቸውን ውሰድ፤ የፊደል እንቅስቃሴያቸውን ግን እንዳለ አትገልብጥ። የኛ ፊደል የሚነበበው በሌላ ቦታው ነው።

የላቲን ቃል ታችኛው ግማሹ ቢሸፈን አብዛኛውን ጊዜ ይነበባል። የኛን ሞክረው። «አበበ በሶ በላ» ብለህ ጻፍና ከወገቡ በታች በወረቀት ሸፍነው። አበበ ይሁን አባባ የሚለይልህ ነገር የለም። በ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ቦ ከላይ አንድ ናቸው። ሣልሱን የሚለየው ከቀኝ እግሩ ሥር ያለው ጭረት ነው፤ ኃምሱ እዚያው ቀለበት አለው፤ ራብዑ ቀኝ እግሩ ይረዝማል፤ ሳብዑ ግራው። ጎናቸው ላይ ምልክት ያላቸው ካዕቡና ሳድሱ ብቻ ናቸው።

ከዚህ የሚከተለው ብዙ ነው። ጽሑፍህ ከላይ ወደ ታች እየተገለጠ ከመጣ ተመልካቹ እስከ መጨረሻዋ ፍሬም ምን እንደሚነበብ አያውቅም። ያን ሆን ብለህ ከፈለግከው ጥሩ ነው። በ1979ኙ «ኤሊየን» አምስቱ ፊደላት በጭረት በጭረት፣ በጣም በዝግታ ነው የሚሠሩት፤ ጭንቀቱ የተፈጠረውም ከዚያ ነው። ለርዕስ ይህ ይሆናል። ለካሜራ ባለሙያው ስም ግን አይሆንም፤ ሰውየው ስሙ እንዲነበብ ነው የሚፈልገው። ለስሞች ከግራ ወደ ቀኝ ይገለጥ፣ ወይም አንዴ ይውጣ።

ግርጌው ላይ ጭጋግ፣ ጥላ ወይም የሚደበዝዝ ቀለም የሚያለብስ ዝግጁ ቴምፕሌት አትጠቀም። የተሠራው ለላቲን ነው፤ የኛን ፊደል እግሩን ይቆርጠዋል።

ዙሪያውን መስመር ማስመርም እንደዚሁ። በ60 ፒክስል ጽሑፍ ላይ 4 ፒክስል መስመር ስትጨምር የኃምሱ ቀለበት ይደፈናል፣ ቤ ወደ ቢ ይጠጋል፣ የ«ጠ» እና የ«ሠ» እግሮች ይጣበቃሉ። ሶፍትዌሩ በራሱ የሚያወፍረው ደማቅ ጽሑፍም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ደማቅ ከፈለግህ በእርግጥ በደማቅ የተሣለ ፎንት ውሰድ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ደማቅ ብዙ ክብደት አላቸው፤ ነፃ ናቸው።

ክብደት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስላለው የሥራ ድርሻውን በአንዱ፣ ስሙን በሌላው ይጽፋል። እኛ ያ የለንም። መለየት የምንችለው በመጠንና በክብደት ነው። የሥራ ድርሻው የስሙን 60 በመቶ ያህል፣ በቀጭኑ፤ ስሙ በመካከለኛው። «ኤዲተር» እና የኤዲተሩ ስም በአንድ መጠን ከተጻፉ ሁለት ሰው ይመስላሉ።

ፊደላትን አራርቆ መጻፍ አሁን ፋሽን ነው። ጥንት ሁለት ነጥብ ነበረን፣ አሁን ቃላችንን የሚለየው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ፊደሉን ስታራርቅ የቃሉን ክፍተት ሦስት እጥፍ ካላደረግህ የአባት ስም ከልጅ ስም ጋር ይቀላቀላል።

አንድ ጉዳይ ልጨምር፣ ከፎንት ትንሽ ይወጣል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ብለህ ብትጽፍ በዓሉ ነው ወይስ «ገና ነው» የሚባለው? የሚፈርደው ከሥሩ ያለው ምስል ነው። ርዕስህ እንዲህ ሁለት የሚነበብ ከሆነ ምስሉ አስቀድሞ ይምጣ፣ ፊደሉ ይከተል።

ኤዲት_ጠረጴዛ፦

@ካዕብና_ሣልስ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ርዕሱን በብራና ጽሕፈት ዓይነት አስበነው ነበር፣ ቁም ጽሕፈት፣ መጀመሪያው ፊደል በቀይ። ደግሞ አንድ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተጠቀምንበት ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጽሑፉ በሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ይመጣል። ምንድን ነው?

ካዕብና_ሣልስ፦

ሁለተኛው ቀላል ነው። ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ሥርዓት) በፊት የተሠሩት ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን ነው፤ ፎንቱ ሲጠፋ ጭምብሉ ይወልቃል። ጽሑፉን በዩኒኮድ እንደገና ጻፈው። ቅርጹን የግድ ከፈለግከው ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ በአፍተር ኢፌክትስ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይረህ ላከው፤ ያን ጊዜ ፎንት አይፈልግም። ከመቀየርህ በፊት ግን ሊታረም የሚችለውን ኮፒ አስቀምጥ፤ ቅርጽ ከሆነ በኋላ የስም ስህተት ማረም እንደገና መጻፍ ነው።

ስለ ብራናው፦ ቁም ጽሕፈትና ቀይ ቀለም ሲታይ የኛ ተመልካች ቤተ ክርስቲያን ወይም የነገሥታት ታሪክ ነው የሚጠብቀው። በብራና ላይ ቀዩ ለመክፈቻና ለቅዱሳን ስም ነው። ሽሮ ሜዳ ላለ የውርስ ጠብ ያንን ማልበስ ተመልካቹን በተሳሳተ በር ማስገባት ነው። ርዕሱ አራት አምስት ፊደል ከሆነ በእጅ አስጽፉት፤ በሸማኔው ክር ስፋት የተሣለ፣ ወጥ ውፍረት ያለው። ስሞቹን በኖቶ ተዉአቸው።

ስም_አጣሪ፦

ማንም ያላነሳው፤ የስም ስህተት። የ1964ቱን «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» መክፈቻ ፓብሎ ፌሮ በእጁ ነው የጻፈው፣ ቀጫጭን፣ ረጃጅም፣ ስክሪኑን የሚሞላ ፊደል፤ አውሮፕላኖቹ በፊደሎቹ መካከል ይታያሉ። ድንቅ ነው። «ላይ የተመሠረተ» በሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ላይ ግን አንዲት ፊደል ጎድላለች፤ እስከ ዛሬ አለች። በእጅ የተጻፈን ነገር ሰው እንደ ሥዕል ያየዋል እንጂ አያነበውም፣ ስህተቱም ለዚህ ነው የሚያመልጠው።

በኛ ደግሞ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ አለ። ፀሐይ፣ ጸሀይ። ዓለም፣ አለም። «ትክክለኛው የቱ ነው» ብሎ መዝገበ ቃላት መክፈት ዋጋ የለውም፤ ባለቤቱ የሚጽፍበት ነው ትክክሉ። አንድ ወረቀት ላይ ሁሉንም ስም አትም፣ እያንዳንዱ ሰው ከስሙ ጎን ይፈርም፣ ሩቅ ያለ ሰው በጽሑፍ ይላክ። ከዚያ በኋላ ማንም በእጁ እንደገና እንዳይጽፈው፤ ከዚያው ፋይል ይቀዳ፣ ለፖስተሩም ለትሬለሩም። መጨረሻ ላይ ፊልሙን የማያውቅ ሰው ካርዶቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያንብብ። ከመጀመሪያው ካነበበ ዓይኑ የለመደውን ይገምታል።

«አርቲስት» «አንጋፋው» የሚሉትን በተመለከተ፦ ለአንዱ ከጻፍክ ለሁሉም ጻፍ፣ ወይም ለማንም አትጻፍ። እኔ ለማንም እላለሁ።

ድምፅ_ክፍል፦

ዘፈን ከሆነ መጀመሪያ ፈቃዱን በጽሑፍ። «ለሙከራ» ብለህ ያስቀመጥከውን ዘፈን ሁሉም ይለምደዋል፣ ፈቃዱ ሳይገኝ ሲቀር ምንም ሌላ ሙዚቃ አይጥማቸውም። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ባለመብቱ ገቢውን ሊወስደው ይችላል።

ሆኖም እኔ ብሆን ዘፈን አልፈልግም፤ የሸማኔው ዕቃ አለህ። መወርወሪያው ሲያልፍ ያለው ሹክታ፣ ከዚያ ማጉ ሲመታ ያለው የእንጨት ድምፅ። የእንጨቱ ድምፅ በጣም ወፍራምም በጣም ቀጭንም ስላልሆነ በስልክ ስፒከርም ይሰማል። እነዚያ «ዱም» የሚሉ የትሬለር ድምፆች ስልክ ላይ ጭራሽ የሉም፣ አንተ በትልቁ ስፒከር እየሰማህ ትታለላለህ።

ጥንቃቄ፦ የሸማኔ ምት እንደ ማሽን እኩል አይደለም። @ፍሬም_24 የሰጠህን 96 ፍሬም በጭፍን ብትደረድረው ካርዱና ምቱ ሊገናኙ ሲሉ ይተላለፋሉ፤ ይህ ጭራሽ ካለመገናኘት የባሰ ነው። ምቱን መጀመሪያ ቁረጥ፣ ካርዱን በምቱ ላይ አስቀምጥ፤ አንዱ 90፣ ሌላው 101 ፍሬም ቢሆን ማንም አይቆጥርም። ካርዱ ምቱ ላይ ያለ ፌድ ይግባ። በ10 ፍሬም ቀስ ብሎ የሚገባ ጽሑፍ የሚመታበት ነጥብ የለውም። ሲወጣ ግን ይደብዝዝ። ከሁለቱ አንዱ መቅደም ካለበት ምስሉ በአንድ ፍሬም ይቅደም፤ ድምፅ ከቀደመ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል።

ኤዲት_ጠረጴዛ፦

በጣም ነው የማመሰግነው። ዳይሬክተሯ አንድ ደቂቃ ፈቅዳለች። ያሰብነው ይህ ነው፦

ጥቁር፣ የዕቃው ድምፅ ብቻ፣ 6 ሰከንድ። ከዚያ የድሩ ክሮች በጣም ቅርብ፣ ስሞች። ያረጁ እጆች ይሠራሉ (አባት)። የወጣት እጆች ይተኩታል። ክሩ በዝግታ፣ በስሎው ሞሽን ይበጠሳል። ርዕስ። ጽሑፉ በነጭ።

የማታ_ሞንታዥ፦

የተበጠሰ ክር ለወንድማማች ጠብ? ወዳጄ፣ ተመልካቹ ልጅ አይደለም። በስሎው ሞሽን ደግሞ ጣትህን እየቀሰርክበት ነው።

ሸማኔ ቤት ክር ሁልጊዜ ይበጠሳል። ሸማኔው ቆም ይላል፣ ሁለቱን ጫፍ ያገናኛል፣ ይቋጥራል፣ ይቀጥላል። ከድሩ አንድ ክር ተበጥሶ ካልተቋጠረ ጨርቁ ከዚያ ነጥብ ጀምሮ በርዝመቱ ክፍት መስመር ይዞ ይወጣል። ይህን ተጠቀምበት። ሦስተኛው ካርድ አካባቢ ክሩ ይበጠስ፤ የአባት ጣቶች ያለ ምንም ትኩረት ይቋጥሩት፣ በመደበኛ ፍጥነት፣ ምንም ሙዚቃ አይነሳ። አሥራ አንደኛው ካርድ ላይ ሌላ ክር ይበጠስ፤ የወጣቱ እጅ ይየው፣ ይለፈው። መወርወሪያው ይቀጥል። ከዚያ ርዕሱ። ቀጥሎ የመጀመሪያ ትዕይንትህ ለቅሶ ቤት ነው አይደል? ያ መስመር ያለበት ነጠላ በአንዱ ሰው ትከሻ ላይ ይሁን። ማንም ስለ ነጠላው አይናገር። ግማሹ ሰው ላያየው ይችላል፤ ያየው ግን ፊልሙን እስከ መጨረሻ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

ኤዲት_ጠረጴዛ፦

ለቅሶ ቤቱ ተቀርጿል፤ ነጠላውን ከየት አመጣለሁ?

የማታ_ሞንታዥ፦

ለመክፈቻው እጆቹን መቅረጽህ አይቀርም። በዚያው ቀን፣ በተመሳሳይ መብራት፣ ፊት የማይታይበት የትከሻ ቅርብ ሾት፣ 3 ሰከንድ። ኤዲቱ ቢቆለፍም ለቅሶ ቤቱ ላይ የምትተካው አንድ ሾት አታጣም፤ ርዝመቱን አትለውጥ እንጂ ድምፁን ማንም አይነካብህም።

ፍሬም_24፦

ቀረጻ ካለ እነዚህን ልብ በል። ጥብቅ የተሸመነ ጨርቅ በቅርብ ሲቀረጽ ሴንሰሩ ላይ የሚርገበገብ ቀስተ ደመና መሳይ ሞገድ ያወጣል። የካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ አይታይም፣ ወደ 1080 ሲወርድ ይወጣል። ካሜራውን ከጨርቁ ጋር ፊት ለፊት አታቁመው፣ ትንሽ አጋድለው፤ ርቀቱን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀይር፤ ሌንሱን ከፍተህ የተወሰነው ክር ብቻ ጥርት እንዲል አድርግ። እዚያው ላፕቶፕ ላይ በ1080 አጫውተህ እይ፣ ካልሆነ ድገም።

መብራታችን 50 ኸርትዝ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ ባለበት ቤት ሸተሩ (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/48 ሰከንድ ከሆነ ምስሉ ይርገበገባል። 1/50 አድርገው፤ መወርወሪያው እንዳይደበዝዝ ከፈለግህ 1/100።

ከሁሉ በላይ፦ ነጭ ጥጥ ላይ ነጭ ጽሑፍ! «ጥላ እጨምርበታለሁ» እንዳትል፣ ጥላው የፊደሉን እግር ይቆርጠዋል ተብለሃል። ወይ ጽሑፉን ጥቁር አድርገው፣ ወይ ፍሬሙን ስታቅድ አንድ ሦስተኛውን ለጨለማ ተው፤ ከድሩ ጀርባ ያለው ክፍል ይጨልም፣ ስሙ እዚያ ይቀመጥ። ሁለተኛው ይሻላል። ስሙ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ከመጣ ዓይን ፍለጋ አይሄድም።

ዳር ዳሩን ደግሞ ጠብቅ። በ1920 በ1080 ላይ ጽሑፍ ከጎን 96፣ ከላይና ከታች 54 ፒክስል ገባ ይበል፤ ማለትም 1728 በ972 ውስጥ ይቅር። ለስልክ ሲባል የስሙ ቁመት ከ54 ፒክስል አይነስ። ሪንደሩን (የሚወጣውን ፋይል) ፕሮሬስ በሚባለው የቪዲዮ ዓይነት፣ ባለ 10 ቢት አድርገው፤ በ8 ቢት ከጥቁር ሲወጣ ጨለማው ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ያም ሆኖ ከታየ በጣም ትንሽ ግሬይን (የፊልም ነጠብጣብ) ጨምር። ብዙ ካደረግከው ዩቲዩብ ሲጨምቀው ጭቃ ይሆናል።

ኤዲት_ጠረጴዛ፦

ገባኝ። የመጨረሻው ሮል (ወደ ላይ የሚሄደው የስም ዝርዝር) ላይ ደግሞ ጽሑፉ ይንቀጠቀጣል፤ 8640 ፒክስል ቁመት አለው፣ ፕሮዲውሰሩ በ100 ሰከንድ ይለቅ ይላል።

ፍሬም_24፦

የሚንቀጠቀጠው በአንድ ፍሬም የሚሄደው ፒክስል ሙሉ ቁጥር ስላልሆነ ነው። 8640 እና ስክሪኑን ጠርጎ ለመውጣት 1080፣ ድምሩ 9720። በ100 ሰከንድ 2400 ፍሬም አለ፤ 9720 ለ2400 ሲካፈል 4.05። ያቺ 0.05 ናት የምታንቀጠቅጠው። ከክፍተቶቹ 120 ፒክስል ቀንስና 9600 አድርገው፤ በፍሬም ልክ 4 ይሆናል፣ 100 ሰከንድም ይሞላል። በ4 ፒክስል አንድ መስመር ስክሪኑን በ11 ሰከንድ ገደማ ያልፋል፣ ይነበባል። በፍሬም 3 ብታደርገው ይበልጥ ይረጋል፣ ግን 9720ው 135 ሰከንድ ይፈጃል።

ቀጥታ_ግባ፦

እሺ፣ አንድ ደቂቃው ይሁን። ድሮኑስ? ሮሉ ሥር ይግባ?

ፍሬም_24፦

ጽሑፍ ወደ ላይ እየሄደ ምስሉ ወደ ፊት ከሄደ ሁለቱም ይናወጣሉ። ሮሉ ጥቁር ላይ ይሁን። ድሮኑን ለትሬለሩ ስጡት፣ እዚያ 4 ሰከንድ ይበቃዋል።